የበዓል በግ ቆዳ ገዢ ሲያጣ

ዛሬ ጠዋት ሞጣ ላይ የበዓሉን በግ ቆዳ በነጻ የሚወስድልኝ አጣሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ በጉ ሲገፈፍ አጠገቡ ቆሞ «ቆዳውን ቢላዋው እንዳይበሳው!» ይል ነበር። ለሥጋው እንኳ እንዲህ አይጨነቅም ነበር።

ቆዳውን ይገዙን የነበሩት ሐጂ ሁሴን እንዳይበላሽ ጨው ነስንሰው ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎች ይሸጡት ነበር። ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎች እንዲቀር ተብሎ ወደ ውጭ በሚላከው ጥሬ ቆዳ ላይ ከባድ ቀረጥ ሲጣል ገበያቸው ቀዘቀዘ።

ዛሬም እሳቸው ዘንድ ወሰድኩት። «ሐጂ፣ በነጻ ነው፤ ይውሰዱት።»

«ጨውም በነጻ አምጣ እንጂ!» ብለው ሳቁ። ገልብጠው ሲያዩት ግን ተቆጡ፤ «ማነው እንዲህ የበሳሳው? አባትህ ቢያይ!»

መጋዘናቸውን አንድ የቢቸና ጤፍ ነጋዴ ሊከራየው ይፈልጋል። እሳቸው ደግሞ ቀረጡ ይነሳል የሚል ወሬ ስለሰሙ ያከራዩት ወይስ ለቆዳ ያቆዩት እንደሆነ አልወሰኑም።

በእናንተስ ቤት የበዓሉን ቆዳ ማን ይወስደው ነበር?

ሐጂ ለጤፍ ነጋዴው መልስ የሚሰጡት ቅዳሜ ነው።