ሰዓዳ ቆሎ በላች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ የጥናት ዕቅዷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ጥርስ ማስተካከል የምታጠና ልጅ ናት፤ ዕቅዱ ለገንዘብ ድጋፍ ከመቅረቡ በፊት ማየት የእኔ ሥራ ነው። ደክሞኝ ነበር። የሰው ዕቅድ ማንበብ ከሥራም ሥራ ነው። ሕክምናቸውን ያቋረጡ ታካሚዎች የሚመዘገቡበት ሰንጠረዥ ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ እዚያው ቀረ። የማቋረጫ ምክንያት በሚለው ሥር አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፤ “ታካሚው መመሪያ ባለማክበሩ” ይላል። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። እኔም ጽፌዋለሁ።

ያኔ እኔም ተማሪ ነበርኩ። ከትልቅ ከተማ ርቀው የሚኖሩ ልጆች በወር አንዴ ብቻ እየታዩ ጥርሳቸው ሊስተካከል ይችላል ወይ የሚል ነበር ጥናቴ። ትምህርት ክፍሉ ለመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ሰጠኝ፤ ቀሪው ይከተላል ተባለ። እኔም አምኜ ጀመርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ወልድያ ስለሆነ እዚያው አቅራቢያ ያለችውን መርሳን መረጥኩ። በየወሩ ከአዲስ አበባ መጥቼ እናቴ ቤት አድርና ጠዋት በሚኒባስ መርሳ እወርዳለሁ። ጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ለቆልኝ ነበር። ታካሚዎቼ ማንጎ በፌስታል ይዘውልኝ ስለሚመጡ በወቅቱ ክፍሉ ሁሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል።

ሰዓዳ የምትመጣው ከመርሳ ወጣ ካለችው ከግራና ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የላይ ጥርሶቿ ወደ ፊት ወጥተው ከንፈሯ አይገጥምም፤ ስትስቅ አፏን በሻርፗ ትሸፍናለች። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦውን ያሰርኩላት ቀን አለቀሰች። እናቷ እትዬ መሬም ግን ሳቁባት፤ ሲስቁ እንደ ድሮው ወግ የተነቀሰው ጥቁር ድዳቸው ብቅ አለ።

“እኔ ድዴን ስነቀስ ሰባት ቀን እህል አልቀመስሁም። ወላሂ! ለመቆንጀት ትንሽ ብትታመም ምን አላት?”

“አንድ ነገር ብቻ፣” አልኳት ሰዓዳን። “ቆሎ እንዳትበዪ። ከበላሽ ሽቦው ይነቀልና ልፋታችን ሁሉ ገደል ይገባል።”

መርሳና ግራና ላሉበት ለሐብሩ ወረዳ ልጅ ቆሎ ተዪ ማለት ቀላል አይደለም። እሺ አለች።

ክረምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ወራት አለፉ። አዲስ አበባ ወደ ሆስፒታላችን መንጋጋቸው የተሰበረ ቁስለኞች ይመጡ ጀመር። ትምህርት ክፍሉም የትኛው ጥናት ይቀድማል የሚለውን እንደገና አይቶ ገንዘቡን በሙሉ ወደ ፊትና መንጋጋ ጉዳት አዞረ።

ኃላፊያችን ጠርተው፣ “በዚህ ሰዓት ጥርስ ማስተካከል ቅንጦት ነው። ይገባሻል አይደል?” አሉኝ።

ገብቶኛል። ለመርሳ ልጆች በተገዛው ሽቦ የቁስለኞችን መንጋጋ ያሰርኩት በገዛ እጄ ነው። ዛሬም ቢሆን ተሳስተዋል አልልም። “የጀመርኳቸው ልጆችስ?” ብዬ ብጠይቅ፣ “ሽቦውን አውጪላቸውና ባለሽ መረጃ ዝጊው” አሉኝ።

መንገዱ ሲከፈት፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ፣ ሄድኩ። የጤና ጣቢያው ክፍሌ ተዘርፎ በር የለው፣ ወንበር የለው። አስቀድሜ ሰው ልኬባቸው ስለነበር ሰዓዳና እናቷ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

ሰላምታችንን ሳንጨርስ ሰዓዳ፣ “ዶክተር፣ ቆሎ በላሁ” አለች።

“ሌላ ምን ትብላ ልጄ?” አሉ እትዬ መሬም። “መብራት የለ፣ ወፍጮው ቆመ። ማሽላ ቆልተን ነው የከረምነው፤ እሱም ተገኝቶ፣ አልሐምዱሊላህ። እሷ እኮ ሽቦው እንዳይነቀል በውኃ እየዘፈዘፈች ነበር የምትበላው።”

መስኮቱ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀምጬ አየኋት። ሦስት ጥርሶቿ ላይ የተለጠፈው ብረት ወልቋል። የሽቦው ጫፍ ጉንጯን አቁስሏታል፤ እንዳስተማርኳት በሻማ ሰም ጠቅልላዋለች። ጥርሶቿ ግን ተንቀሳቅሰው ግማሽ መንገድ መጥተው ነበር።

“ቆሎውን ባልበላ ኖሮ ሕክምናው ይቀጥል ነበር?” አለችኝ።

ምን ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። በላሽም አልበላሽም የመጣሁት ላወጣው ነው፣ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሄዷል ማለት ነበረብኝ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ከድካሙም በላይ አፈርኩ። “አንዴ ከተነቀለ ያስቸግራል” አልኳት።

አጥፍታ እንደተያዘች ልጅ አንገቷን ደፋች። በጉጠት አንድ በአንድ አወጣሁት። ስጨርስ ሻርፗን ወደ አፏ መለሰች። እናቷ ደግሞ፣ “አላህ ይጨምርልሽ ልጄ፣ በዚህ ጊዜ ለኛ ብለሽ መጣሽ” ብለው መረቁኝ። ያ ምርቃት ወልድያ እናቴ ቤት እስክደርስ ድረስ ከበደኝ።

መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ሰዓዳን “መመሪያ ባለማክበር ያቋረጠች” ብዬ መዘገብኳት። ፈታኞቼ ምንም አልጠየቁኝም። እንዲህ በመሃል የተተወ ጥርስ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የሷም ተመልሶ ይሆናል። ግራና ወርጄ እውነቱን ልንገራት እያልኩ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ቀረሁ። ገንዘቡን የወሰደብኝ ጦርነት ነው፤ ጥፋቱን የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ።

ትናንት ተማሪዬን ጠርቼ ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር እንድትጨምር ነገርኳት።

“ምን ብዬ ልጻፈው ዶክተር?”

“እኛ ያቋረጥንባቸው።”

እስክሪብቶዋን አንሥታ ጻፈችው። “እዚህ ውስጥ የሚገባ ሰው ይኖራል ብለው ነው?”

“አንድ አለኝ” አልኳት። “ዕድሜ ዐሥራ አምስት፣ ከግራና።”