የጨረቃዋ ቧንቧ ጠጋኝ እና አክስቴ

አክስቴን ማተሚያ ቤት ውስጥ «አራት ነጥብ» ይሏታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ስትሠራ እሷ «አበቃ» ያላለችው ገጽ ማሽን ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሥራ ላይ እንዳለች ግራ እጇ ደነዘዘ፤ አፏም ጠመም አለ። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ትንሽ የደም ሥር መዘጋቱን ነገሩን። ደግነቱ በሁለት ሳምንት እጇም ተመለሰ፣ አፏም ተቃና። እኔና ጋሼ፣ ማለትም ባለቤቷ፣ ተመስገን አልን።

ያልነገረችን ነገር ግን ነበር፤ ማንበብ አቅቷት ነበር። ፊደሉን ታውቀዋለች፣ ቃሉንም ትለየዋለች። መስመሩ ጫፍ ስትደርስ ግን መነሻው ይጠፋባታል፤ ወደ ታች ስትወርድም ዓይኗ የት እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። ጋዜጣ ዘርግታ ትቀመጣለች፣ በየመሀሉ ገጹን ትገልጣለች፤ እኛም የዋሆቹ «ይኸው ድና ታነባለች» እንላለን።

እኔ የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ነው። የወሰድኩላት ልብ ወለድ ሁሉ ዕልባቱ ገጽ ሦስት ላይ እንደቆመ ሲመለስልኝ ነገሩ ከነከነኝ። በቀጥታ ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ ኩራቷን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አዲስ ከገቡት መጻሕፍት መሀል በሥዕል የተተረከ ልብ ወለድ ይዤላት ሄድኩ፤ ጨረቃ ላይ በተሠራች ከተማ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ስለምትጠግን አሮጊት ነው።

ገለጥ አድርጋ አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ደግሞ የሕፃን መጽሐፍ ጀመርሽልኝ?»

«ባለታሪኳ እኮ ባንቺ ዕድሜ ናት።»

«ጨረቃ ላይ የምን ቧንቧ ነው?»

«እሱን አንብቢና ንገሪኛ!»

ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቶ ስታጉተመትም ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሳቅ፤ ከዚያ ጭጭ። እጄን እያደረቅሁ ስመለስ መጽሐፉ ጉልበቷ ላይ ተከፍቷል፣ እንባዋ ይወርዳል።

«ምነው አክስቴ? አመመሽ እንዴ?»

«አሥራ አራት ገጽ» አለችኝ። «ልጄ፣ አሥራ አራት ገጽ አነበብኩ!»

ያኔ የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው። በየሥዕሉ ሣጥን ውስጥ ያለው ጽሑፍ አንድና ሁለት መስመር ስለሆነ አያመልጣትም፤ ቢያመልጣትም ሥዕሉ እጇን ይዞ ያሻግራታል። «ስድስት ወር ሙሉ አእምሮዬ ሄዶ የቀረ ነበር የመሰለኝ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«አራሚ ማንበብ አቃተኝ ብላ ለማን ታወራለች?»

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። እንዲህ ያለው ችግር ከሕመሙ ጋር እንደሚመጣ፣ አእምሮዋ እንዳልተነካ፣ በልምምድም እየተሻለ እንደሚሄድ ነገራት። አክስቴ እዚያው ወንበሩ ላይ «እፎይ!» ብላ ጮክ ብላ ተነፈሰች፤ ሐኪሙም ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ መደርደሪያዬን አራቆተችው። አስተያየቷም ምሕረት የለውም። ስለ ሮቦቶች ጦርነት የሚተርከውን ስትመልስ «ሠዓሊው እጅ መሳል አይችልም፤ ሰዉን ሁሉ ጓንት ያለበሰው ለዚህ ነው» አለችኝ። አንድም ቃል የሌለበትን መጽሐፍ ግን የመመለሻ ቀኑን ሁለቴ አስረዘመችው።

ባለፈው ወር ሥዕል የሌለው የሳይንስ ልብ ወለድ ጠየቀችኝ። ሁለት መቶ ዓመት በሕዋ ስለምትጓዝ መንኮራኩር የሚተርክ ሰጠኋት። ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስጠጋች በሦስት ሳምንት ጨረሰችው።

«ሃያ ገጽ ሙሉ ስለ ሞተር!» አለች ቅዳሜ ምሳ ላይ። «ይሂድለታ፣ ማን ያዘው? ያቺ አስተማሪ ግን... እዚያው ተወልዳ እዚያው የምትሞተው። አይታው የማታውቀውን ዝናብ ለልጆቹ ስታስረዳ አንጀቴን በላችው።»

«እኔ ግን ተሳፋሪዎቹ ወደ ምድር መመለስ ነበረባቸው ባይ ነኝ።»

«የት አባታቸው ነው የሚመለሱት? ቤታቸው እሱ ነው እኮ!»

ተያያዝን። ጋሼ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ሲያዩ ቆዩና ማንኪያቸውን አነሱ።

«መንኮራኩሯ የትም ትድረስ፤ እኔ ርቦኛል» ብለው ብቻቸውን መብላት ጀመሩ።