ጸበል የነካው ኮሚክ

ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ የማነበው ግን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ሴት ሴትን የምትወድበት፣ ወንድ ወንድን የሚወድበት ልብ ወለድና ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር ታሪክ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ የምንኖርበት ሮውሌት ካለው ላይብረሪ እዋሳለሁ። መጽሐፉን ማሽን ላይ ራሴ አስመዝግቤ ስለምወጣ ሽፋኑን የሚያይብኝ ሰው የለም። ለምን እንደማነባቸው ከመነሻው ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔም የምወደው ሴት ነው። ይህንን እናቴ አታውቅም፣ እንድታውቅም አልፈልግም ነበር። አብረን ነው የምንኖረው፣ ስድስት ዓመታችን።

ስለ ልብ ወለዶቹ ያለኝ አስተያየት እምብዛም ጥሩ አይደለም። አንዱን ያነበበ ሁሉንም አነበበ። ልጅቷ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ትጨነቃለች፤ ከዚያ እናትና አባቷን ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ አድርጋ ትነግራቸዋለች። እናትየው ወይ ታለቅሳለች ወይ ታቅፋታለች፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ትጨርሰዋለች። አባትየው የሚናገረው ነገር ከማማሩ የተነሳ ሳምንት ሙሉ ሲያጠናው የከረመ ይመስላል። በእነዚህ መጽሐፎች ውስጥ አክስት የለችም። ከአዲስ አበባ ደውላ "ምነው ልጅቷ እንዲሁ ቀረች?" የምትል የአባት እህት የለችም። የንስሐ አባት የለም፣ ጾም የለም፣ ሥራ ገብቶ የሚውልም ያለ አይመስልም። ሁሉም ቀልድ ያውቃሉ፣ ሁሉም በመጨረሻ ዝናብ ውስጥ ይሳሳማሉ።

ሳነባቸው አላለቅስም፣ አልቀናምም። ሆስፒታል ቢሮ ውስጥ የሰው ቀጠሮ ስመዘግብ እንደምውለው፣ እነሱንም እንደዚያው ገልጬ ገልጬ እዘጋቸዋለሁ። ታዲያ ካልጣመሽ ለምን ታነቢያለሽ ይባል ይሆናል። ደግነቱ የሚለኝም የለም።

ኮሚኮቹ ይሻላሉ። ኮሚክ ዝም ማለት ይችላል። አንዱን ሦስት ጊዜ ተውሼዋለሁ። ታሪኩ ስለ ሁለት ልጃገረዶች ነው፤ የአንደኛዋ አባት ጎሚስታ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ሁለቱም እሱ ጋ ጎማ ሲፈቱና ሲያስሩ ይከርማሉ። ስድስት ገጽ ሙሉ አንድ ቃል አይወራም። ጎማ ይፈታሉ፣ ጎማ ያንከባልላሉ፣ በአንድ ባልዲ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ያውም ለመታጠብ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ። ማንም ማንንም ቁጭ አድርጎ አይነግርም። አንድ ገጽ ላይ ልጆቹ ወጥ ቤት ተቀምጠው ከጠረጴዛው ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ የአንደኛዋ እናት ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። እሷ የምትታየው በዚያ ገጽ ብቻ ነው፣ ፊቷም አልተሳለም። መጽሐፉ ውስጥ ያልወደድኩት እሱን ብቻ ነው። ሠዓሊው ሰንፎ ነው እል ነበር።

የኮሚክ ጣጣው ሌላ ነው። እናቴ ዳዊቷን በቃሏ ትደግማለች፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አትለይም። ስለዚህ ልብ ወለዶቹን ጠረጴዛ ላይ እንደ ልቤ እጥላቸው ነበር። እሷም አቧራቸውን ጠርጋ ከዳዊቷ ጎን ትደረድራቸዋለች፤ "ልጄ ማንበብ ነፍሷ ነው" ትላለች ለመጣ ሰው ሁሉ። ሥዕል ግን ማንም ያነበዋል። ኮሚኮቹን መኪናዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀምጬ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ኤሲ ከፍቼ ነበር የማነባቸው።

በነሐሴ ሙቀቱ የጎሚስታውን መጽሐፍ ሙጫ አቀለጠውና ገጾቹ መላቀቅ ጀመሩ። የሰው ንብረት ነው ብዬ ወደ ቤት አስገባሁት። ኮሪደሩ ላይ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ለእንግዳ ከተቀመጡት ፎጣዎች ሥር ከተትኩት። እነዚያን ፎጣዎች እኛ አንነካቸውም፤ እናቴ ስድስት ዓመት ሙሉ "የእንግዳ ነው" እያለች በነጠላ ስንጥቅ ጠቅልላ ያስቀመጠቻቸው ናቸው። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ ያለ አልመሰለኝም። ለእንግዳ የተቀመጠ ፎጣ እንግዳ ሲመጣ እንደሚወጣ ግን አላሰብኩም።

ቅዳሜ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። በአዘቦት ቀን ግራንድ ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ይዞራሉ። ጸበሉን በትልቅ የውሃ ጋሎን ነው የሚይዙት፣ ሲረጩም አይሰስቱም።

"የተዘጋ በር እንዳይኖር" አሉ።

"እሺ አባ፣ ሁሉንም እከፍትልዎታለሁ" አለች እናቴ።

መኝታ ቤቶቹን ከፈተች፣ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተች፣ ጋራዡን ከፈተች። ቁም ሳጥኑንም ከፈተች፤ እግረ መንገዷን እጃቸውን የሚያደርቁበት ብላ የእንግዳውን ፎጣ አነሳች። ከሥሩ የኮሚኩ ሽፋን ብቅ አለ፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ጎማ ላይ ተደጋግፈው ተቀምጠዋል። አባ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አንሥተው እየጸለዩ ነበር። አንድ እፍኝ ሙሉ ጸበል ደፉባቸው።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ መጽሐፉን አየች፣ እኔን አላየችም። አባ ወደ ሳሎን አለፉ፣ ምሳ በሉ፣ መርቀውን ሄዱ።

በእናቴ ሕግ ጸበል የነካው ነገር አይጣልም። የተረፈውን እንኳን ሲንክ ውስጥ አትደፋውም፤ አበባ ሥር ነው የምታፈሰው። በማግሥቱ መጽሐፉን አልጋዋ ላይ አየሁት። በእያንዳንዱ ገጽ መካከል አንድ አንድ ሶፍት አስገብታለች። ገጹ ሁሉ አንድም ሳይቀር ነው። እንዲህ ለማድረግ ደግሞ እያንዳንዱን መግለጥ ግድ ይላል።

ሦስት ቀን ምንም አላለችኝም። መፍራት ነበረብኝ፣ አልፈራሁም። ማፈርም ነበረብኝ፣ አላፈርኩም። ጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ነበርኩ፤ የራሴ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ብነክሰው ግን አይሰማኝም። ሥራ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ በላን፣ ስለ ሙቀቱ አወራን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፤ እኛ ቤት ዶሮው የለም እንጂ ሌላው ሁሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ሲንኩ ጋ ቆማ ዕቃ ታጥባለች። ቦርሳዬን አስቀምጬ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ።

"ያ መጽሐፍ የማን ነው?" አለች፣ ሳትዞር።

"የላይብረሪ ነው እማ።"

"ውይ፣ የመንግሥት ንብረት ነዋ።" ትንሽ አጠበች። "እነዚያ ጎማ የሚፈቱት ልጆች... የዚያችኛዋ እናት ታውቃለች?"

"ምኑን?" አልኳት።

ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተችው። 

"እንጃ፣ መጽሐፉ አይልም" አልኩ። "ማለቴ፣ ፊቷም አልተሳለም። የሣለው ሰው ሰንፎ ነው መሰለኝ።"

"አልሰነፈም። ታውቃለች።" ብርጭቆ አነሳች። "የማታውቅ እናት ትዞራለች። ምነው ዝም አላችሁ ትላለች። ይቺ የምታጥበው ሳህን እኮ ንጹሕ ነው፣ አላየሽውም?"

አላየሁትም ነበር። ሦስት ጊዜ ተውሼ፣ በየወጥ ቤቱ ስለሚያለቅሱት እናቶች ሁሉ ስፈርድ ከርሜ፣ ሳህኑን አላየሁትም።

"መቼ ነው የሚመለሰው?" አለች።

"ነገ።"

"ቀን አስጨምሪበት። ገና አልደረቀም።"

ጠዋት ነክቼው ነበር፤ ከደረቀ ሁለት ቀን አልፎታል።

"ኦኬ እማ፣ ሪኒው አደርገዋለሁ" አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ሁለት ሳምንት ጨመርኩበት። ደነገጥኩ ወይም ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።  ከዚያ ከእንግዳው ፎጣ አንዱን አምጥቼ ጎኗ ቆምኩ። እናቴ የእንግዳ ነው አላለችም። ያንኑ ብርጭቆ እንደገና አለቀለቀችና ሰጠችኝ።