ጆንያውን አስቀድሞ የሚፈታ

በቀበሌያችን ስብሰባ ለብዙ ዓመት ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ሰምቼ እመለስ ነበር። ጉባኤ ቤቱን ለተተኪዬ አስረክቤ ከወጣሁ ወዲህ አፌን የከፈትኩት ገበያ ይቁምልን ለማለት ብቻ ነው። ምክንያቴ ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ወድቃ ጉልበቷ ከተጎዳ ጀምሮ አምበር ገበያ ድረስ መሄድ አልቻለችም። ድንቿን የሚገዛው ነጋዴ ደጇ ይመጣል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ፣ የምትቀበለው እሷ። እንዲህ ያሉ ብዙዎች መኖራቸውን አስረዳሁ፤ ከመንደራችን በታች ያለው ሜዳ ለደብረ ማርቆስ መንገድ ቅርብ መሆኑንም አከልኩ። ሊቀ መንበሩ ፈቀደ። ከአምበር ገበያ ጋር እንዳይጋጭ ሐሙስ ተመረጠ። እስከ ክረምት መግቢያ ካልደራ ግን ሜዳው ወደ ግጦሽነቱ ይመለሳል ተባለ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሰው መጣ። ዛሬም የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ ባይመጣ ኖሮ ተስፋዬን በጊዜ እቆርጥ ነበር። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ጤፉ በየጆንያው ተደርድሮ፣ ባለቤቶቹ ከኋላው ተቀምጠው፣ የጆንያው አፍ ሁሉ እንደታሰረ ዋለ። ከደብረ ማርቆስ ምግብ ቤት ያላት ሴት በባጃጅ መጥታ የድንች ዋጋ ጠየቀች። አንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ፤ ሌላው አምበር ስንት እንደዋለ ጠየቀ። ያለፈው ገበያ ዋጋ አርጅቷል፣ የሚመጣው ገና አልታወቀም። አዲስ ገበያ የራሱ ዋጋ እንደማይኖረው ከቶ አላሰብኩም ነበር። ሴትዮዋ ከዳር እስከ ዳር ጠይቃ በባዶ ባጃጅ ተመለሰች። እኔም ጆንያውን ፈትቶ ዋጋ እንዲጠራ እያንዳንዱን ለብቻው አነጋገርኩ። ሁሉም ልክ ነዎት አለኝ፤ ማንም አልፈታም።

በሁለተኛው ሐሙስ አምበር ለሚኖር ዘመዴ ደውዬ ዋጋ ጠየቅሁና በሜዳው መካከል ቆሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን አንድ ገበሬ ቀና ብሎ አየኝ።

“የኔታ፣ በስተርጅና ድለላ ጀመሩ እንዴ?”

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ የነበረ ደግሞ ኮሚሽኑን ከገዢ ነው ከሻጭ የሚቀበሉት ብሎ ጨመረበት። ጆንያ ሳይኖረው ዋጋ የሚጠራ ሰው በእነሱ ዘንድ ደላላ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ስንመለስ ጎረቤቴ በተዋሰችው አህያ ድንቿን መልሳ ጭናው ነበር። ድንቹ ማጎንቆል ጀምሯል። አንቺ እንኳ ለምን አልፈታሽም፣ የለፋሁት ለአንቺ አይደለም ወይ አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አህያዋን አቁማ መለሰችልኝ።

“መሬቴን የሚያርሱልኝ እነዚሁ ናቸው፣ የኔታ። አስቀድሜ ዋጋ ጠርቼ ባረክሰው ገበያውን ሰበረችው ብለው ያኮርፉኛል። እርስዎ እንደሆነ በሬ የለዎት። ማን ያርስልኛል?”

እንዲህ ከቀጠለ ሳይበላሽ ለነጋዴው እንደምትሰጠውም ነገረችኝ።

በሦስተኛው ሐሙስ ከጓሮዬ ያወጣሁትን ድንች አስጭኜ ወረድኩ። ጉባኤ ዘርግቶ ያስተማረ ሰው ከጆንያ ኋላ መቀመጡ በእኛ ወግ አይወደድም፤ ያስተማርኳቸው ካህናት ሲያልፉ እንዳላዩኝ ሆኑ። ባለ ምግብ ቤቷ መጣች። ዋጋ ጠራሁ፤ ከልክ በላይ ዝቅ ማለቱ የገባኝ ሳትከራከር ስትገዛ ነው።

“ሰበሩት እኮ፣ የኔታ” አለ ያ እኩያዬ፣ ጆንያውን እየፈታ።

ሁሉም ፈቱ። ሁሉም ከእኔ ትንሽ ከፍ አድርገው ጠሩ። ጎረቤቴ ከቀትር በፊት ሸጣ ጨረሰች። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ እኔ ግን ተቆጥቼ ነበር። ገመድ ለመፍታት ይህን ያህል መዋረድ ለምን ያስፈልጋል?

በሚቀጥለው ሐሙስ ቤቴ ቀረሁ። ከእንግዲህ ራሳቸው ይወጡት ብዬ ነበር። ቀትር ላይ እኩያዬ ከሌላ ገበሬ ጋር ደጄ መጣና ሰው ሁሉ እኔን እየጠበቀ እንደተቀመጠ ነገረኝ። የምሸጠው እንደሌለኝ፣ የቀረኝ ለክረምት ያስቀመጥኩት የድንች ዘር ብቻ መሆኑን አስረዳሁት።

“ታዲያ ዘሩን ይዘው ይውጡ። አፉን ፈተው ዋጋ ይጥሩ፤ ከዚያ ወዲያ እኛ አለን።”

ጎረቤቴ መምጣቷን ጠየቅሁ።

“ከማለዳ ጀምራ ተቀምጣለች። ነጋዴው ደግሞ ወርዶ ከአጠገቧ ቆሟል።”

የዘሩን ጆንያ ለሁለት አንስተው ጫኑት፤ ጋቢዬን ደርቤ ተከተልኩ። ሜዳው ላይ ፈታሁና ከነጋዴው ዋጋ በላይ ጠራሁ። በየቦታው ገመድ ሲፈታ አየሁ። ጎረቤቴም ለነጋዴው የእኔን ዋጋ ጠራችለት፤ ጥቂት ጨምራ። ጥሏት ሄደ፤ ድንቿን ሌሎች ገዙ።

ባለ ምግብ ቤቷ ግን በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ለዘር ነው ብላት፣ ታዲያ ዋጋ ለምን ጠሩ አለችኝ። የዘሬ እኩሌታ በባጃጅ ተጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ።