ከጋቢናው የሚሰማኝ ድምፅ

ታላቅ ወንድሜን፣ ወንድም ጋሼን፣ ሳስብ ሱሉልታ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው አሮጌ የጭነት መኪናቸው ትታየኛለች። ሹፌር ሲቀጥሩ «ስንት ዓመት ነዳህ?» ብለው አያውቁም። ሞተሩ እንደጠፋ መሪው ላይ አስቀምጠው፣ እርሳቸው አጠገቡ ጋቢና ይቀመጡና «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ይሉታል።

የልጅ ልጄ ሀዊ አብራሪነት ተምራ የበረረችው በትንንሽ አውሮፕላን ብቻ ነው። ያመለከተችበት ሁሉ በጄት የበረርሽበትን ልምድ አምጪ እያለ መለሳት። «ሳያስቀምጧት ልምዱን ከየት ታምጣ? ይሄ ፍርድ ነው?» እያልኩ ስጮህ፣ ወንድም ጋሼ ሀዊን መኪናዋ ላይ አወጧት።

«በጄት ስንት ሰዓት በረርሽ?»

«ምንም፣ አባባ።»

«ሰርቀሻል እንዴ አንገትሽን የምትደፊው? እንደገና!»

«በጄት አልበረርኩም። ያስተማሩኝን ግን አልረሳም፤ ያላወቅኩትንም አላውቅም እላለሁ።»

«እንዲህ በይ! አውሮፕላን ቢኖረኝ ዛሬውኑ እቀጥርሽ ነበር» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ጠየቋት። ታመው እንኳ ተደግፈው ወጥተው ጠይቀዋታል።

ባረፉ በሳምንታቸው ሀዊ ደወለች። የአየር መንገድ ፈታኞች ያንኑ ጥያቄ ጠይቀዋት፣ ያንኑ መልሳ፣ ጄት ላይ ሊያሠለጥኗት ተቀብለዋታል። ስልኩን እንደያዝኩ ልነግራቸው ወደ መኪናዋ ሮጥኩ። ሞታቸው ትዝ ያለኝ በሩን ከፍቼ ባዶውን ወንበር ሳይ ነው።

አሁን ማለዳ ማለዳ በዚያ በኩል የማልፈው አቀርቅሬ ነው። «እንደገና!» ሲሉ እሰማቸዋለሁ። ደንግጬ ቀና እላለሁ፤ ጋቢናው ውስጥ ማንም የለም።