በእህቴ እጆች ላይ የወጣው ነጭ

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ቡሬ ከተማ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ታላቅ እህቴ ካገባችበት ከፈረስ ቤት ከተማ መጣች። ስንሳሳም እንኳ እጆቿን ከነጠላዋ አላወጣችም። ጥቂት ተቀምጣ ዘረጋችልኝ። የጣቶቿ ጫፍ ነጥቷል፤ በከንፈሯም ዙሪያ ጀማምሯታል።

"ለምጽ ነው ይላሉ። አማቴ ዋንጫዬን ለዩብኝ። አንተ የተማርህ ነህ፤ ቁርጡን ንገረኝ" አለችኝ።

ቁርጡን አላውቅም ነበር። በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሙ ዐይኗን አስጨፍኖ የነጣውን ቦታ በጥጥ ነካ ነካ አደረገው። በነካት ቁጥር "እዚህ ጋ" አለች።

"የሥጋ ደዌ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ቦታው ይደነዝዝ ነበር። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በሽታን የሚከላከሉላት ነጭ የደም ሴሎቿ የቆዳዋን ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥረው እያጠፏቸው መሆኑን ነገረኝ።

"ለምን ተሳሳቱ?"

"እሱን በውል የሚያውቅ የለም።" ቅባት አዘዘላት። ቀለሙ ይመለስ እንደሆነ ስጠይቀው "ለአንዳንዱ ይመለሳል" አለ።

ስለ ነጭ የደም ሴሎች በየዓመቱ አስተምር ነበር። ጠባቂነታቸውን እንጂ ሌላ ነገር ለተማሪዎቼ ተናግሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ፈረስ ቤት ድረስ ሸኘኋት፤ ለአማቶቿም የሰማሁትን አስረዳሁ። የባሏ እናት አቀረቀሩ። አባቱ በአገሩ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ፤ እስክጨርስ ሰሙኝና "ሰው ከሰው ሲጣላ እናስታርቃለን። ከገዛ ገላዋ የተጣላችውን ምን ብለን እናስታርቃት?" አሉ።



ዋንጫዋን መለሱላት። ገበያው ግን እንደ እነሱ አልሆነም። ቅቤ እየናጠች ትሸጥ ነበር፤ ሴቶቹ እጇን ያዩና ሌላዋ ዘንድ ያልፋሉ። ቅባቱ ሲያልቅ ሌላ ላክሁላት፤ ነጩ ወደ ክንዷ ወጣ። "ተሻለሽ?" ብዬ መልእክት ስሰድላት "ደኅና ነኝ" ብላ ትመልሳለች። ከዚያ በላይ የማደርገው አልነበረኝም።

በሁለተኛው ዓመት ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄጄ በገበያው ሳልፍ፣ ባሏን በሴቶች መካከል ቅቤ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው እዚህ የሚያውቀው ስለሌለ ነው።

"ማን ናጠው ሲሉኝ እናቴ ናት እላለሁ" አለኝ፣ ፊቱን ወደ ቅቤው አድርጎ።

አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ሸጦ እስኪጨርስ አብሬው ቆየሁ።