በጳጉሜን አራት የሞላት

ልጄ መወለድ የነበረባት በኅዳር ነው። የመጣችው ግን በጳጉሜን ነው። ሸማ ተራ በበዓል ገበያ ተጨናንቆ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ጋቢ ሳወርድ የእንሽርት ውኃዬ ፈሰሰ። ከጎኔ ያለችው ነጠላ ሻጭ ደንበኛዋን ትታ ደግፋ ታክሲ ውስጥ ከተተችኝ። ወልጄ ሲያሳዩኝ ሕፃን አትመስልም ነበር፤ ጣቶቿ የክብሪት እንጨት ያህላሉ። መጀመሪያ ማሞቂያ ውስጥ አስገቧት፤ ቀጥሎ ደረቴ ላይ አስረው ሰጡኝ። ሰው አዲሱን ዓመት ሲቀበል እኔ ትተነፍስ እንደሆነ ሳዳምጥ መስከረም አለቀ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ ለእኔና ለባለቤቴ እንዲህ አለችን፤ «ከተወለደችበት ቀን አትቁጠሩላት። ልትወለድ ከነበረበት ቀን ቁጠሩላት። ዘገየች ብላችሁም አትጨነቁ።»

አልተጨነቅንም። ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ቆመች፣ የእሷ እኩዮች ተረት ሲያወሩ እሷ «ውኃ» እና «ነይ» ትል ነበር። የሐኪሟን ቆጠራ ይዘን ጠበቅናት። ትምህርት ቤት በዚያ መንገድ እንደማይቆጥር ያሰብን አይመስለኝም።

አማኑኤል ሰፈር፣ ከቤታችን ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አለ። ደንቡ አጭር ነው፤ አዲሱ ዓመት ሲገባ አራት ዓመት የሞላው ይመዘገባል፣ ያልሞላው ለከርሞ ይምጣ። ልጄ በኅዳር ተወልዳ ቢሆን ኖሮ ምንም የምንነጋገረው ነገር አይኖርም ነበር፤ ለከርሞ፣ አለቀ። በጳጉሜን በመወለዷ ግን በወረቀት አራት ሞልቷታል፤ በአካሏና በአንደበቷ ገና ሦስት ናት። ከገባች አምስት ሊሞላቸው ትንሽ ከቀራቸው ልጆች ጋር ነው የምትቀመጠው።

ባለቤቴ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መስመር ይሠራል። ወሩን አብዛኛውን መንገድ ላይ ስለሚያሳልፍ የምንመካከረው በስልክ ነበር። በሰኔ ሁለታችንም ተስማምተን ነበር፤ ለከርሞ ትግባ። እናቴ እቤት አለች፣ ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የያዘቻት እሷ ናት፣ ምን ያጣድፈናል? ተባባልን።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ሻሿን ልታስር እጇን ስታነሳ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ሐኪም ቤት ቆይታ ስትመለስ ግራ ጎኗ የእሷ አልነበረም፤ ስትናገር ደግሞ ቃላቱ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ደላላ ያመጣልኝ ሠራተኛ ቤቱን አየች፣ አልጋውን አየች፣ «እኔ በሽተኛ አላነሳም» ብላ ሻንጣዋን ሳትፈታ ሄደች። ሌላዋም ሳምንት አልቆየችም። ጎረቤታችን እትዬ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ እንዲህ አሉኝ፤ «እናትሽን ቀን ቀን አይልሻለሁ። ውኃም አቀምሳታለሁ፣ አገላብጣታለሁም። ሕፃን ማባረር ግን አልችልም ልጄ፣ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።»

በዚያ ክረምት ልጄን ይዣት ሱቅ መውጣት ጀመርኩ።

ሸማ ተራ በነሐሴ መጨረሻ ሕፃን የሚውልበት ቦታ አይደለም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ እኔ ራሴ መዞሪያ የለኝም። ልጄን የጋቢ ክምር ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ክምሩ ይሸጣል፣ ወደ ሌላ ክምር አዛውራታለሁ። የጥጡ ብናኝ ያስላታል። ሲደክማት ከባንኮኒው ሥር ትተኛለች፣ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ሲያልፉ በድንጋጤ ትነሳለች።

አንድ ቀን ከመንገድ ለደወለው ባለቤቴ «ዘንድሮ ላስገባት» አልኩት።

«ተስማምተን አልነበር? ገና ናት እኮ። ሽንቷ ሲመጣ እንኳ አትናገርም።»

«እሺ፣ ለከርሞ። እስከ ከርሞ የት ላስቀምጣት?»

«እኔ ምን ልበልሽ» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ምን ሊል ይችላል?

ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዲት ደንበኛ ከልጇ ጋር መጣች፤ ለሠርግ ነው የምትገዛው። ጥለቱን ወደ ብርሃን አውጪልኝ፣ ይኼ ደምቋል፣ ያኛውን አሳዪኝ፣ እያለች ነጠላ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ተዘረገፈ። ልጄ እግሬ ሥር ነበረች፤ ቀሚሴን ይዛ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሴትየዋ ዋጋ ስትከራከር ቆይታ ሳትገዛ ወጣች። ዝቅ ብዬ ሳይ ልጄ የለችም።

ከባንኮኒው ሥር አየሁ። ክምሩን አፈረስኩ። ወጥቼ ስጮህ ነጠላ ሻጯ ጎረቤቴም አብራኝ መጮህ ጀመረች፤ «ቢጫ ሹራብ ያደረገች ሕፃን! ቢጫ ሹራብ!» ድምፁ ከሱቅ ሱቅ ተቀባበለ። ሰው ለሰው ቦታ በማይሰጥበት መንገድ ላይ የማየው ወገብና ዘንቢል ብቻ ነው። ልጄ ስሟን ለማታውቀው ሰው አትናገርም። የእኔን ስም አታውቅም፤ ለእሷ «እማ» ነኝ፤ መርካቶ ውስጥ ስንት እማ አለ? አንዱ ወደ ላይ ሄዳለች ይለኛል፣ ሌላው የለም ወደ ታች ነው ይለኛል። ጫማዬ የት እንደወለቀ አላውቅም። ስለት ተሳልኩ። ከዚያ ለማን ምን ብዬ እንደተሳልኩ ጠፋኝና እንደገና ተሳልኩ። ለእናቴ ምን እላታለሁ እያልኩ እሮጥ ነበር፤ ለአባቷ ምን እንደምል ማሰብ እንኳ አልደፈርኩም።

እህል በረንዳ ደርሼ ነበር። አህዮችና የጭነት መኪናዎች አንድ ላይ በሚተራመሱበት፣ ከጤፍ ጆንያ ቁልል ሥር፣ ቢጫ ሹራቧን አየሁት። አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ አጠገቧ ቁጭ ብሏል። እሷ ጆንያው ላይ ሆና ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አተር ታንቆረቁራለች።

«እናቷ ነሽ?» አለኝ ቀና ብሎ። «ብጠይቃት ብጠይቃት አትመልስም። ትቻት ብሄድ ደግሞ ሌላ ሰው ይወስዳታል ብዬ ተቀመጥኩ።»

አቀፍኳት፤ ከዚያ መታኋት፤ ከዚያ መልሼ አቀፍኳት። ሁለታችንም አለቀስን። ሰውየው ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ወደ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጠቆመኝ።

«እዚህ ልጅ አይመጣም እኅቴ። ያ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ሹፌሩ ይቺን አያያትም።»

በማግሥቱ ሱቄን ሳልከፍት መዋዕለ ሕፃናቱ ዘንድ ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። የልደት ወረቀቷን አዩ፣ ከዚያ ልጄን አዩ። ቀሚሴ ውስጥ ተደብቃለች።

«በዕድሜ ደርሳለች» አሉኝ። «እኔ ልከለክልሽ አልችልም። ግን አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ይቺ ልጅ ዓመት ብትቆይ ለራሷ ይሻላታል። የሚይዝልሽ ሰው የለሽም?»

ያን ጊዜ የሰውነቴ ክር ሁሉ የተፈታ መሰለኝ። የእናቴን አልጋ፣ ሠራተኞቹን፣ የትናንቱን ጩኸት፣ ኤንትሬውን፣ ሁሉንም ያለ ቅደም ተከተል ዘረገፍኩላቸው። በመጨረሻ «ካልተቀበሉኝ እዚሁ በርዎ ላይ ትቻት እሄዳለሁ» አልኩ። እንደማላደርገው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሳቸው መሐረብ አቀበሉኝና ልጄን መዘገቧት።

ዩኒፎርሙ ቁርጭምጭሚቷን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ አጠፍኩላት፤ አሁንም ረዘመ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች ሁሉ ያለቅሳሉ፤ የእኔም አለቀሰች፤ ይኼ ያለ ነው አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሎቹ ዝም አሉ፤ የእኔ አላቆመችም። ጠዋት ጠዋት ጥበቃው ጣቶቿን አንድ በአንድ ከአንገቴ ላይ ያላቅቃል። ዞር ብዬ ሳላይ እሮጣለሁ። ሱቅ ደርሼ ለደንበኛ ጋቢ ስዘረጋ ጩኸቷ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

ከሰዓት ስወስዳት የምሳ ዕቃዋ አንዳንዴ እንደተዘጋ ይመለሳል፤ ክዳኑን መክፈት አትችልም፣ ክፈቱልኝ ማለትም አትችልም። የረጠበ ሱሪዋ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ትልልቆቹ ልጆች ሽታ ሽታ ይሏት እንደነበር የሰማሁት ከሌላ እናት ነው። ከመስቀል በኋላ እቤትም መናገር አቆመች። ያሏት «ውኃ» እና «ነይ» እንኳ ጠፉ። ሲጠማት ብርጭቆ ይዛ ትቆማለች። እንደመጣች ከእናቴ አልጋ ሥር ገብታ ትተኛለች፤ እናቴ በደህናው እጇ ወደ ታች ዘርግታ ፀጉሯን ትነካካለች። በቤቱ ውስጥ የምናገር እኔ ብቻ ሆንኩ፤ እኔም የምናገረው ከምጣድና ከድስት ጋር ነው።

አንድ ምሽት እናቴ ምራቋን እየዋጠች «አስ...ቀሪያት» አለችኝ።

«ማን ይይዝልኛል እማዬ?»

ደህናውን እጇን አንስታ አልጋዋን ነካ ነካ አደረገች። እኔ ዘንድ ማለቷ ነው። ከዚያ እጇን አየችው፣ የማይሠራውን እጇን ደግሞ አየችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በኅዳር፣ ልትወለድ በነበረበት ወር፣ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ የፈራች ትመስል ነበር።

«አስቸጋሪ ልጅ አይደለችም» አለችኝ። «ልጆቹ ሲዘምሩ አፍ አፋቸውን ታያለች። ግን... ጠዋት እርስዎ ከሄዱ በኋላ በሩ ሥር ትቀመጣለች። ከሥር ክፍተት አለው። የሚያልፈውን ጫማ ሁሉ ታያለች። የእርስዎን ጫማ ነው የምትጠብቀው። ላነሳት ስል ትነክሰኛለች።»

ወደ ውጭ ስወጣ ያንን በር አየሁት። እውነትም ከሥሩ ክፍተት አለው። ልጄን ይዤ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ። እንደተቀመጡ አይተውኝ ገባቸው።

«ለከርሞ አምጫት» አሉ። «እዚያው ክፍል ትገባለች። ደገመች አይባልም። ገና ነበረች።»

ነጠላ ሻጯ ጎረቤቴ ስትሰማ ተቆጣች። «የገባ ልጅ ታስወጪያለሽ? ወደ ኋላ ትቀርብሻለች እኮ! ሁሉም አልቅሶ ነው የለመደው።» ይኼን የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። እኔ የማውቀው ያንን በር ዳግም ከውጭ ሆኜ መዝጋት እንደማልችል ነበር።

ሱቄን አከራየሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያደግኩበት፣ እናቴ ከእኔ በፊት የሠራችበት ሱቅ ነው። ከሌሎች ነጋዴዎች ነጠላ እየተቀበልኩ እቤቴ ሆኜ ጫፉን መቋጨት ያዝኩ። ቀኑ ረጅም ነበር። እናቴን አገላብጣለሁ፣ ልጄን ሽንት አስለምዳለሁ፣ እቋጫለሁ፣ እንደገና እናቴን አገላብጣለሁ። ባለቤቴ ሲመጣ ሁለት ቀን ተኝቶ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን እናቴንም ልጄንም ራሴንም ጠልቼ አውቃለሁ፤ የሚቋጨውን ነጠላ ፊቴ ላይ አድርጌ የምጮኽበት ጊዜም ነበር። ልጄ መናገር የጀመረችው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእናቴ ጋር። እናቴ ያልጨረሰችውን ቃል እሷ ትጨርስላት ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ተሳስታ።

በሰኔ እናቴ አረፈች። ለቅሶው ላይ ልጄ አልጋው ለምን እንደወጣ ሰዉን ሁሉ እየዞረች ጠየቀች፤ በሙሉ ዓረፍተ ነገር። ያንን ለመስማት ስንት ወር ጠብቄ ነበር፤ ሲመጣ ደስታ አልነበረውም።

በመስከረም ዩኒፎርሙ ልኳ ሆኖ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ አለቀሰች፤ ሆኖም አንገቴን ራሷ ለቀቀችው፤ አስተማሪዋ አዲስ ነበረች፣ እጇን ያዘቻት፣ ገቡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ሱቁን የተከራየው ሰው እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቅም ብሎኛል። የአማኑኤልን መንገድ ይዤ ዝም ብዬ ወረድኩ፤ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ደወለ።

«ገባች?»

«ገባች።»

«አለቀሰች?»

«ትንሽ።»

«አንቺስ አሁን የት ነሽ?»

መንገዱ ዳር ቆምኩ። ቤት ነኝ እንዳልለው ቤት አይደለሁም፣ ሱቅ ነኝ እንዳልለው ሱቁ በሰው እጅ ነው፤ «መልሼ እደውላለሁ፣ ቆይ» ብዬ ዘጋሁት።